ምራቅ መሰብሰቢያው ሣጥንና ክዳኗን ጥላ የምትነሣው ሮኬት

ሥራዬ ናሙና መቀበል ነው። በላቦራቶሪ መስኮት በኩል ደም፣ ሽንትና አክታ ስቀበል ዓመታት አስቆጥሬአለሁ። በዚህ ሙያ የቆየ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የምርመራ ስሕተት ከማሽኑ ይልቅ የሚበዛው ናሙናው ሲወሰድ፣ ስም ሲጻፍበትና ሲጓጓዝ ነው። ስለዚህ ምራቅ በቤት ተሰብስቦ በፖስታ የሚላክበትን የዲኤንኤ ምርመራ ሣጥን ለእናቴና ለራሴ ስገዛ፣ ሌላው ገዢ ውጤቱን ለማየት ሲቸኩል እኔ የቸኮልኩት ብልቃጡን ለማየት ነበር።

በዚያው ሰሞን ለልጄና ለእህቴ ልጅ በቤት የምትገጣጠም ትንሽ የመጫወቻ ሮኬት ገዛሁ። ሁለቱን ዕቃዎች በአንድ ጽሑፍ የምገመግመው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለቱም ክዳን ያላት የፕላስቲክ ዕቃ፣ ጥቂት ፈሳሽና አንድ ገጽ መመሪያ ናቸው። የሁለቱም ነገር የሚወሰነው በክዳናቸው ነው። አንዱ ግን ለምን እንደሚሠራ ለተጠቃሚው ያሳየዋል፣ ሌላው ይደብቀዋል። ገንዘቤንና ጊዜዬን አውጥቼ የታዘብኩት ይህን ነው።

ከምራቁ ልጀምር። ሣጥኑ ሲከፈት ብዙ ነገር የለበትም፤ የመሙያ መስመር የተሰመረባት ብልቃጥ፣ በላይዋ የተገጠመ አፈ ሰፊ ማስገቢያ፣ በኋላ በእሱ ቦታ የሚገባ ትንሽ የሚጠመዘዝ ክዳን፣ ፈሳሽ ቢወጣ የሚይዝ የፕላስቲክ ከረጢት፣ አድራሻ የታተመበት የመመለሻ ካርቶን። ብልቃጧ ላይ ባር ኮድ ተለጥፏል፤ ናሙናው ከመላኩ በፊት ይህ ቁጥር በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ በባለቤቱ ስም መመዝገብ አለበት። ሳይመዘገብ የተላከ ብልቃጥ ላቦራቶሪ ቢደርስም የማን እንደ ሆነ የሚናገርለት የለም። ስም ያልተጻፈበት ናሙና ስመልስ ስለኖርኩ፣ ይህን ማሳሰቢያ ክዳኑ ላይ በትልልቅ ፊደል ማተማቸው አስደስቶኛል።

ከሁሉ የወደድኩት የማቆያውን ፈሳሽ አቀማመጥ ነው። ፈሳሹ በማስገቢያው ክዳን ውስጥ በስስ ሽፋን ታሽጎ ይመጣል። ምራቁ መስመሩ ላይ ሲደርስ ክዳኑን ጠቅ እስኪል መጫን ነው፤ ሽፋኑ ይበሳና ፈሳሹ ወደ ምራቁ ይወርዳል። ከዚያ ማስገቢያው ይፈታል፣ ትንሹ ክዳን ይጠብቃል፣ ብልቃጧ ለጥቂት ሰከንዶች ትወዛወዛለች። ይህ ፈሳሽ ሕዋሳቱን ያፈነዳል፣ ዲኤንኤን የሚቆራርጡትን ኢንዛይሞች ያስቆማል፣ በአፍ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎችም እንዳይራቡ ያግዳል። በእኛ ላቦራቶሪ ቅዝቃዜው ሳይጠበቅ በመምጣቱ ብቻ የሚጣል ናሙና ብዙ ነው። የዚህ ሣጥን ናሙና ግን ያለ ማቀዝቀዣ፣ በተራ ፖስታ፣ ሳምንታት ቢንከራተት አይበላሽም። ተጠቃሚው እንዳይነካው፣ እንዳይውጠው፣ መጠኑንም እንዳያዛባው አድርጎ ፈሳሹን ክዳን ውስጥ ያስቀመጠው መሐንዲስ እጁ ይባረክ።

መመሪያው ላይ ስደርስ ደስታዬ ቀነሰ። «ናሙና ከመስጠትዎ በፊት ለ30 ደቂቃ አይብሉ፣ አይጠጡ፣ አያጭሱ፣ ማስቲካ አያኝኩ፣ ጥርስ አይቦርሹ» ይላል። ትእዛዙ ትክክል ነው። ምክንያቱ ግን በአንድም መስመር አልተጻፈም። አለመብላቱን ሰው በግምት ይደርስበታል፤ የምግብ ቅሪት ከምራቁ ጋር እንዳይቀላቀል ነው። ጥርስ አለመቦረሹ ግን ግራ ያጋባል። ጨዋ ሰው ምራቁን ለማያውቀው ባለሙያ ሲልክ አፉን አጽድቶ መላክ ይፈልጋል። እናቴ መመሪያውን ሳነብላት «ሳልታጠብ? እንዴት ያለ ነገር ነው!» ብላ ተቆጣች። የሚፈለገው ውኃው ሳይሆን በምራቁ ውስጥ የሚንሳፈፉት ሕዋሳት መሆናቸውን፣ አፍን መታጠብም እነሱን አጥቦ እንደሚወስድ ስነግራት ወዲያው ተቀበለች። ይህን ለማስረዳት የሚያስፈልገው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። መመሪያው ላይ የሚስቅ ቤተሰብ ፎቶግራፍ ለማስቀመጥ ቦታ ነበራቸው፤ ለዚያች ዐረፍተ ነገር ግን አልነበራቸውም።

ሌላው ጉድለት አረፋው ነው። ወደ 2 ሚሊ ሊትር ምራቅ ያስፈልጋል፤ የሚለካውም ፈሳሹ ብቻ ነው። ሰው ቶሎ ልጨርስ ብሎ አከታትሎ ሲተፋ ግማሹ አረፋ ይሆናል፤ አረፋው መስመሩን ሲነካ የሞላ ይመስላል። መመሪያው «እስከ መስመሩ ይሙሉ፣ አረፋን አይቁጠሩ» ይላል፤ አረፋው እንዴት እንደሚወርድ ግን አይናገርም። ብልቃጧን በጠረጴዛ ላይ ቀስ አድርጎ መታ መታ ማድረግና ለጥቂት ደቂቃ ቀጥ አድርጎ ማቆም ይበቃል።

እናቴ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች፤ አፏ ብዙ ጊዜ ይደርቃል። የደም ግፊት፣ የአለርጂና የድብርት መድኃኒቶችን ጨምሮ ብዙ መድኃኒቶች ምራቅ እንደሚቀንሱ የታወቀ ነው፤ እነዚህን መድኃኒቶች የሚወስዱት ደግሞ በብዛት አረጋውያን ናቸው። የዘር ሐረጋቸውን ለማወቅ ይህን ሣጥን የሚገዙት ወይም የሚገዛላቸውም እነሱ ናቸው። ታዲያ መመሪያው ስለ ደረቅ አፍ አንድ ቃል እንኳ የለውም! እናቴ ብልቃጧን ይዛ ስትታገል ልጆቹ ፊቷ ቆመው በጉጉት ይመለከቷት ነበር። «ሐኪም ቤት እንኳ መጋረጃ ይጋርዱልኛል፤ እነዚህ ቆመው እያዩኝ ምራቁ ከየት ይምጣ?» አለች። ልጆቹን አስወጣሁ። እሷም በትዕግሥት መስመሩ ድረስ ሞላችው፣ ላክነው።

ከሳምንታት በኋላ በኢሜይል መልስ መጣ፤ ከናሙናው በቂ ዲኤንኤ አልተገኘም ይላል። ይህ ሊያጋጥም የሚችል ነው፤ መጠኑ ቢሞላም የሕዋሳቱ ብዛት ከሰው ሰው ይለያያል። ድርጅቱ ሌላ ሣጥን ያለ ክፍያ መላኩ የሚያስመሰግነው ነው። ውስጡ የነበረው መመሪያ ግን ያው፣ አንድም ፊደል ያልተለወጠበት ነበር። ናሙናው ያልተሳካለትን ሰው ያንኑ ወረቀት እንደገና ማስነበብ ምን ይጠቅመዋል? እኔ በምቀበለው መስኮት እንዲህ ያለ ሰው ሲመለስ ምን መለወጥ እንዳለበት ሳልነግረው አልሸኘውም።

ስለዚህ በራሴ መንገድ አደረግነው። ከሰዓቱ ቀደም ብላ ውኃ በደንብ ጠጣች፤ የተባለው 30 ደቂቃም ተጠበቀ። ከዚያ ብቻዋን ተቀመጠች። ጉንጮቿን ከውጭ በኩል በጣቶቿ አሸች፣ የጉንጯን ውስጠኛ ክፍል በጥርሶቿ በቀስታ ፋቅ ፋቅ አደረገች፣ ሎሚ ተቆርጦ አፍንጫዋ አጠገብ ተቀመጠ፤ ማሽተት ብቻ እንጂ መቅመስ የለም። ማሸቱና መፋቁ ዋናው ነገር ነው፤ ከጉንጭ ግድግዳ ሕዋሳትን ያላቅቃል። ሲደክማት አረፈች። ናሙናው ተሳካ።

እዚህ ላይ አንድ የሕክምና ጉዳይ ላንሣ፤ ምራቅ እንዲሁ ውኃ ለሚመስለው ሰው ያስገርመዋል። በምራቅ ውስጥ ካለው የሰው ዲኤንኤ ብዙው የሚመጣው ከነጭ የደም ሕዋሳት ነው፤ የቀረው ከጉንጭ ግድግዳ ከተላቀቁ ሕዋሳት። የሌላ ሰው መቅኔ የተተከለለት ሕመምተኛ ነጭ የደም ሕዋሳቱ የለጋሹ ናቸው። ስለዚህ ምራቁ ሲመረመር የእሱና የለጋሹ ዲኤንኤ ተቀላቅሎ ይገኛል፤ እንዲህ ያለ ሰው ይህን ምርመራ ባያደርግ ይሻለዋል። በሣጥኑ ውስጥ ይህ ማሳሰቢያ አለ፤ ከጀርባ፣ በደቂቅ ፊደል። ፊት ለፊት ሊጻፍ የሚገባው ነበር።

ውጤት ሲጠበቅ ሳምንታት ያልፋሉ። ልጆች ደግሞ ሳምንት መጠበቅ አያውቁም፤ ወደ ሮኬቷ የዞርነው ያኔ ነው።

የሮኬቷ ሣጥን ውስጥ ክዳኗ በአንገቷ ውስጥ ጥብቅ ብሎ የሚገባ ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ፣ ለአካሏና ለክንፎቿ ተቆርጦ የሚለጠፍ ወፍራም ወረቀት፣ ውኃ ሲነካቸው የሚፈሉ ጥቂት እንክብሎች አሉ። የዓይን መከላከያ መነጽር የለም፤ ለልጆች በሚሸጥ ዕቃ ይህ መጉደል አልነበረበትም። ለሁለቱም ከሥራ ቦታ የማውቀውን ዓይነት መነጽር ገዛሁላቸው። ዕድሜአቸው የገፋ አንባቢዎች ዕቃዋን ቢያዩ ያውቋታል፤ የ35 ሚሊ ሜትር የፎቶግራፍ ፊልም ይቀመጥባት ከነበረችው ጋር አንድ ናት። ከእነዚያ የፊልም ማስቀመጫዎች መካከል ለሮኬት የሚሆኑት ክዳናቸው ወደ ውስጥ የሚገባው ናቸው። ክዳናቸው ከውጭ አንገቱን የሚያቅፈው ገና ትንሽ ግፊት ሲነካቸው ይለቃሉና ብዙ አይነሡም።

አሠራሯ ይህ ነው። ዕቃዋ ውስጥ ጥቂት ውኃ ይገባል፣ ከእንክብሉ ቁራጭ ይጨመራል፣ ክዳኑ በፍጥነት ይዘጋል፣ ዕቃዋ ክዳኗ ወደ ታች ሆኖ መሬት ላይ ትቆማለች፣ ሁሉም ይርቃል። እንክብሉ ሶዲየም ባይካርቦኔትና ሲትሪክ አሲድ ነው። ሁለቱ ደረቅ ሳሉ ጎን ለጎን ለወራት ቢቀመጡ አይነካኩም፤ ውኃ ሲያሟሟቸው ግን ይገናኙና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ጋዙ መውጫ ሲያጣ ግፊቱ ይጨምራል። ክዳኑ መቋቋም ሲያቅተው ይለቃል፤ ውኃውና ጋዙ ወደ ታች ሲወረወሩ ዕቃዋ ወደ ላይ ትወረወራለች። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ያሳተመው ሦስተኛው የእንቅስቃሴ ሕግ በደጃፍ ላይ ሲሠራ ማየት ነው።

የመጀመሪያዋ ስትነሣ ልጆቹ የጮኹትን ጩኸት መግለጽ አልችልም። እኔም ጮኼአለሁ።

ከዚያ ጥያቄው መጣ። የእህቴ ልጅ «አክስቴ፣ እንክብሉን እጥፍ ብናደርገው እጥፍ ትወጣለች?» አለኝ። መልሱን አልነገርኩትም፤ ይሞክረው ብዬ ተውኩት። እጥፍ አደረገው። ሮኬቷ ፈጥና ተነሣች፤ ከፍታዋ ግን ያው ነበር። ሰባብሮ ሞከረው፤ አሁንም ፈጠነች እንጂ አልጨመረችም። የሞቀ ውኃ፣ ያው። ተናደደ። ልጄ ማስታወሻ ደብተሯን ይዛ ተቀምጣ ነበር፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንዲለውጥ አጥብቃ የተቆጣጠረችው እሷ ናት። ጥቂት አሰበችና «ክዳኑ እኮ የሚለቀው አንድ ዓይነት ግፊት ላይ ሲደርስ ነው፤ እንክብል ስትጨምር እዚያ ቶሎ ትደርሳለህ እንጂ ከዚያ አታልፍም» አለችው። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ በሣጥኑ መመሪያ ላይ አላነበብኩም። ከፍታውን የሚወስኑት የክዳኑ ጥብቀት፣ የሮኬቷ ክብደትና በዕቃዋ ውስጥ ለጋዙ የቀረው ባዶ ቦታ ናቸው። ውኃው ሲበዛ ለጋዙ የሚቀረው ቦታ ያንሳል፤ የሚታመቀውም ኃይል ያንሳል። ዕቃዋን እስከ ሩብ ወይም ሲሶ መሙላት ይበቃል።

ክንፎቹም የራሳቸው ትምህርት አላቸው። ወረቀት ያልለበሰችው ዕቃ ትነሣለች፣ ግን እየተገለባበጠች ነው። ከጀርባዋ ክንፍ፣ ከፊቷ ሾጣጣ ጫፍ ሲደረግላት ቀጥ ትላለች። ቀጥ እንድትል ክብደቷ የሚያመዝንበት ነጥብ አየሩ ከሚገፋት መካከለኛ ነጥብ ወደ ፊት መቅደም አለበት። ይህን ለልጅ በሥዕል ማስረዳት ከባድ ነው፤ በክር ግን ቀላል ነው። ሮኬቷን ሚዛኗን በምትጠብቅበት ቦታ በክር አስራችሁ በራሳችሁ ዙሪያ አሽከርክሯት፤ አፍንጫዋን አስቀድማ ከዞረች ቀጥ ብላ ትበራለች። ጭራዋን ካስቀደመች አፍንጫዋ ውስጥ ትንሽ የመጫወቻ ጭቃ ጨምሩበት ወይም ክንፉን አስፉት።

ከጥቂት ቀን በኋላ የሣጥኑ እንክብል አለቀ። የተሻለው ክፍል የጀመረው ከዚያ ነው፤ ልጆቹ ሳያዙ መሥራት ጀመሩ። በሚሟሟ የቫይታሚን እንክብል ሠሩ፣ በኮምጣጤና በቤኪንግ ሶዳ ሠሩ። ኮምጣጤው ከቤኪንግ ሶዳው ጋር ወዲያው ስለሚፈላ ክዳን ለመዝጋት ጊዜ አይሰጥም። መላው ቤኪንግ ሶዳውን በስስ ወረቀት ጠቅልሎ ማስገባት ነው፤ ወረቀቱ እስኪርስ ድረስ ክዳኑ ይዘጋል። ይህን ያገኘው የእህቴ ልጅ ራሱ ነው፤ እስካሁን ይኮራበታል፣ ይገባዋልም።

ከዚያም ወደ ለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አለፍን። የፕላስቲክ ጠርሙስ ሲሶው ውኃ ይሆናል፣ አፉ በቡሽ ይደፈናል፣ በቡሹ ውስጥ የኳስ መንፊያ መርፌ ያልፋል፣ የብስክሌት ጎማ መንፊያ ይያያዛል። ሲነፋ አየሩ ይታመቃል፤ ቡሹ ሲለቅ ውኃው ተወርውሮ ይወጣል፣ ጠርሙሱ ይነሣል። ውኃ ከሌለው አየሩ ክብደቱ በጣም ትንሽ ስለሆነ ብዙ አይገፋም፤ ውኃ ከሞላው የሚታመቅ አየር የለም። ጠርሙሱ ጋዝ ያለው መጠጥ የነበረበት ይሁን፤ ግፊት እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ነው። ለተራ የመጠጥ ውኃ የሚሠራው ስስ ጠርሙስ ለዚህ አይሆንም። የሚነፋው ትልቅ ሰው ነው፣ ቦታው ሰፊ ሜዳ ነው፣ አፍንጫው ላይ ብረት ወይም ሹል ነገር አይደረግም።

ልጄ አንድ ቀን ጠርሙሱ «ብዙም አልወጣም» ብላ ስታዝን የአሜሪካዊውን የሮኬት ተመራማሪ የሮበርት ጎዳርድን ታሪክ ነገርኳት። በፈሳሽ ነዳጅ የሠራው የመጀመሪያው ሮኬት እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 1926 በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ኦበርን ውስጥ ሲነሣ በአየር ላይ የቆየው 2.5 ሰከንድ ብቻ ነው፤ የወጣውም ወደ 12 ሜትር። ሰው ወደ ጨረቃ የሄደበት መንገድ እዚያ ጀመረ። ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

ስለ ጥንቃቄ አንድ ነገር አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። የእህቴ ልጅ የተጣለውን የምራቅ ብልቃጥ ማስገቢያ ሲያይ ሾጣጣ ቅርጹ ለሮኬት አፍንጫ እንደሚመች ገባው፤ ጥሩ ዓይን አለው። ማቆያው ፈሳሽ የነካው ዕቃ ስለሆነ ከለከልኩት። ቀጥሎ «እንግዲያው የመድኃኒት ብልቃጥ?» አለኝ። ክዳኑ በመጠምዘዝ የሚዘጋ ማንኛውም ዕቃ ለዚህ ጨዋታ ክልክል ነው፤ ብርጭቆማ ይቅር። የምራቁ ብልቃጥ ክዳን የተሠራው ምንም ቢመጣ እንዳይለቅ ነው። የሮኬቷ ክዳን ጥበብ በጊዜው መልቀቋ ነው። የማይለቅ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ጋዝ ሲጠራቀም የሚፈነዳው ዕቃው ራሱ ነው፤ ስብርባሪውም የሚሄደው ወደ ፊትና ወደ ዓይን ነው። በትክክለኛው ዕቃም ቢሆን ሮኬቷ አልነሣ ካለች ቢያንስ አንድ ደቂቃ ጠብቁ፤ ከዚያ ትልቅ ሰው ፊቱን አዙሮ በጎን ይቅረብና ክዳኑን ያላላ። ከላይዋ ማንም አይጎንበስ።

ልጆቹ ሮኬቷን እንዲህ ካወቁ በኋላ ስለ ምራቁም መጠየቅ ጀመሩ። ልጄ «አያቴ የላከችው ነገር በዓይን ይታያል?» አለችኝ። ይታያል! የሣጥኑ አምራች ይህን አለመጻፉ ያሳዝነኛል፤ ለማሳየት የሚያስፈልገው በየቤቱ አለ። አንድ ጉንጭ ጨው ያለው ውኃ አፍ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይጉመጠመጡና ብርጭቆ ላይ ይተፉታል። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጠብታ ይጨመርና አረፋ ሳይነሣ በቀስታ ይቀላቀላል። ከዚያ በጣም የቀዘቀዘ አልኮል በብርጭቆው ግድግዳ በኩል ቀስ ተብሎ ይወርዳል፤ ከላይ ተንሳፍፎ እንዲቀመጥ ነው። ሳሙናው የሕዋሱን ቅባታማ ሽፋን ያፈርሳል፣ ጨው የዲኤንኤውን የኤሌክትሪክ ሙል ያበርዳል፣ አልኮሉ ዲኤንኤ የማይሟሟበት ፈሳሽ ነው። ጥቂት ሲቆይ በሁለቱ ፈሳሾች ድንበር ላይ ነጭ፣ እርስ በርሱ የተያያዘ ክር ይወጣል። ንጹሕ ዲኤንኤ አይደለም፤ ፕሮቲንም አብሮት አለ። አልኮሉን የሚይዘው ትልቅ ሰው ይሁን፤ እሳት አጠገብም አይቅረብ።

ፍሪድሪሽ ሚሸር የተባለው የስዊዘርላንድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1869 ይህን ንጥረ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘው ከሆስፒታል በሰበሰበው የቁስል ፋሻ ላይ ካለ መግል ነው። መግል የነጭ የደም ሕዋሳት ክምችት ነው። እናቴ ብልቃጡ ውስጥ የሞላችው ምራቅም ዋናው የዲኤንኤ ምንጩ እነዚያው ሕዋሳት ናቸው። ይህን ስነግራቸው ሁለቱም ብርጭቆውን እንደገና ሊያዩ ተሽቀዳደሙ። አያታቸውም መጥታ አየች። «እኔ የላክሁት ይህን ነው?» አለችና ዝም ብላ ቆየች።

አሁን ወደ ውጤቱ። እንዲህ ያሉ ምርመራዎች በአብዛኛው የሚያነቡት ከሰው ዲኤንኤ 3 ቢሊዮን ገደማ ፊደላት መካከል ከ600 ሺህ እስከ 700 ሺህ የሚሆኑትን ነው፤ ከሰው ሰው እንደሚለያዩ የታወቁትን። ለዝምድና ፍለጋ ይህ ይበቃል፤ በዚህ በኩል ምርመራው በእውነት ጠንካራ ነው። እኔና እናቴ እናትና ልጅ መሆናችንን ያለ አንዳች ማወላወል አሳይቷል። ወንድማማቾች በአማካይ ግማሽ፣ የአጎት ወይም የአክስት ልጆች በአማካይ 12.5 በመቶ ይጋራሉ። ይሁን እንጂ 12.5 በመቶ ከቅድመ አያትም፣ ከአያት እህት ወይም ወንድምም ጋር የሚገኝ ነው። ቁጥሩ የዝምድናውን ስም አይነግርም፤ ዕድሜንና የቤተሰብ ታሪክን ደርቦ የሚያነብ ሰው ይፈልጋል።

እናቴ ይህን ምርመራ የፈለገችው ሕፃን ሳለች የሞተባትን አባቷን ወገኖች ለማግኘት ነው። ከመቶ አንድ ያልሞላ ዲኤንኤ የምትጋራው አንድ ሰው ተገኘ። ገጹ «የሩቅ ዘመድ» ይለዋል። እሷ ስታነበው የጠየቀችኝ ጥያቄ ድርጅቱ ፊት ለፊት ሊመልሰው የሚገባ ነበር። «ይህ ሰው ዘመዴ ነው ማለት ነው፣ ወይስ ሊሆን ይችላል?» አለች። ዘመዷ ነው። በየትኛው ወገን እንደ ሆነ ግን ምርመራው ብቻውን አይለይም። የእናቷ ወገን የሆነ ሌላ ሰው ቢመረመርና ያም ሰው ከዚህ ሰው ጋር ዝምድና ካሳየ፣ የእናት ወገን የመሆኑ ዕድል ይሰፋል። ለሰውየው ደብዳቤ ጻፈችለት፤ መልሱን እየጠበቀች ነው።

የየአካባቢው መቶኛ ግን ሌላ ነገር ነው። «ይህን ያህል ከዚህ፣ ይህን ያህል ከዚያ» የሚለው ሥዕላዊ ካርታ የሚገኘው የእናንተን ዲኤንኤ ድርጅቱ በእጁ ካሉት የዛሬ ሰዎች ናሙናዎች ጋር በማነጻጸር ነው። ከአንድ አካባቢ ጥቂት ናሙና ካለው ግምቱ ደካማ ነው። በዓለም ላይ ከፍተኛው የዘር ልዩነት የሚገኘው በአፍሪካ ሲሆን፣ በእነዚህ ክምችቶች ውስጥ ግን የአፍሪካ ሕዝቦች ናሙና አነስተኛ ነው፤ ስለዚህ ለእኛ ግምቱ ይበልጥ መላላቱ አያስደንቅም። በእናቴ ካርታ ላይ ከነበሩት አካባቢዎች አንዱ ድርጅቱ ስሌቱን ባሻሻለ ጊዜ ጭራሽ ጠፋ። ማሻሻላቸው ትክክል ነው። በዚያ ቁጥር ላይ ሕይወቷን የተረጎመች ሴት ምን ይሰማታል ብለው አለማሰባቸው ነው ቅር ያሰኘኝ።

የጤናው ክፍል ላይ ቃሌን አጠብቃለሁ፤ ሥራዬ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ትዌንቲስሪ ኤንድ ሚ የተባለው ድርጅት ስለ ጡት ካንሰር ተጋላጭነት በቀጥታ ለደንበኛ እንዲናገር ሲፈቅድ፣ የፈቀደው በቢአርሲኤ 1 እና 2 ዘረ መሎች ላይ ከሚታወቁት ከሺህ በላይ ለውጦች ሦስቱን ብቻ ነው፤ እነሱም በብዛት የሚገኙት በአሽከናዚ፣ ማለትም የዘር ሐረጋቸው ከመካከለኛውና ከምሥራቅ አውሮፓ በሆነ አይሁዶች ዘንድ ነው። ስለዚህ «አልተገኘም» የሚል ውጤት ከሥጋት ነጻ ነሽ ማለት አይደለም። «ተገኘ» የሚለውም በሕክምና ላቦራቶሪ ሳይረጋገጥ ማንም ምንም እንዳይወስንበት።

ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ የምራቁን ባለቤትነት አስቡ። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ «ጎልደን ስቴት ገዳይ» የተባለው ወንጀለኛ የተገኘው የሩቅ ዘመዶቹ ጌድማች በተባለ ድረ ገጽ ላይ ባስቀመጡት የዲኤንኤ መረጃ በኩል ነው፤ እሱ ራሱ ምራቅ አልላከም። እ.ኤ.አ. በ2023 ከላይ የጠቀስኩት ትዌንቲስሪ ኤንድ ሚ መረጃው ተሰርቆበታል። ሌቦቹ በቀጥታ የገቡት ወደ 14 ሺህ ገደማ የደንበኛ ገጾች ቢሆንም፣ በዘመድ መፈለጊያው በኩል ግን የ6.9 ሚሊዮን ሰዎችን መረጃ አግኝተዋል። የገቡትም ደንበኞች በሌላ ድረ ገጽ በተጠቀሙበት የይለፍ ቃል ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 የኪሳራ ማመልከቻ አቅርቦ በዚያው ዓመት ተሽጧል። እኔ ምራቁ ከተመረመረ በኋላ እንዲወገድ የሚለውን ምርጫ መርጬአለሁ፣ ለዚህ ብቻ የማውለው የይለፍ ቃልም አውጥቻለሁ። ለእህቶቼም ከመላኬ በፊት ነግሬአቸዋለሁ፤ የእኔ ዲኤንኤ ግማሹ የእነሱም ነውና።

ነጥብ ልስጥ። የምራቁ ሣጥን ከአምስት ሦስት። ብልቃጡ አምስት ይገባው ነበር፤ የቀነሱበት መመሪያውና ካርታው ናቸው። አፏ ለሚደርቅ እናት ወይም መትፋት ለማይችል ልጅ የምትገዙ ከሆነ፣ የጉንጭን ውስጥ በጥጥ ዘንግ በማሸት ናሙና የሚወስደውን ዓይነት ምረጡ፤ ማይ ሄሪቴጅና ፋሚሊ ትሪ ዲኤንኤ የተባሉት ድርጅቶች የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው። የሮኬቷ ሣጥን ከአምስት አራት፤ መነጽር ቢኖራት ሙሉ እሰጣት ነበር። በቤት የተሠሩት ግን ነጥብ ከምሰጣቸው በላይ ናቸው።

ለምራቁ ሣጥን ድርጅት የጻፍኩት ደብዳቤ ረጅም ነበር። መመሪያው ላይ እንዲገባ የጠየቅሁት ግን አጭር ነው፤ «የምንፈልገው በምራቅዎ ውስጥ ያሉትን ሕዋሳት ነው፤ ስለዚህ አፍዎን አይታጠቡ፣ ጉንጭዎን ግን ይሹ። አረፋው እስኪወርድ ይጠብቁ። መድኃኒት አፍዎን የሚያደርቀው ከሆነ ቀደም ብለው ውኃ ይጠጡ፣ ሎሚ ያሽትቱ፣ እያረፉ ይሙሉ። ብቻዎን ይሁኑ፤ ማንም አያስቸኩልዎ።»